ሁለተኛው ብርጭቆ

ጀልባዋ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ስትል ሴራፊን መረብ የምትጠግን መስላ ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አሳ አጥማጁ አርማን መቅዘፊያውን አነሳ።

«ዛሬ አሳ አለ?» አለችው።

«አለ። አጥንቱ ግን ብዙ ነው።»

መልሱ ትክክል ነው። እርጥቡ መረብ ስር የተኛችው «ወፍ» በሕይወት ደርሳለች ማለት ነው። ወፍ እውነተኛ ስሟ ኦዲል ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ ጀርመኖች በያዙት የፈረንሳይ ምድር፣ ከጣራ ጣራ እየተደበቀች በሬዲዮ መልእክት ስታስተላልፍ ቆይታ አሁን እየታደነች ነው። ሎዛን ከገባች ትተርፋለች። ጦርነቱ ባልደረሰበት በዚህኛው ዳርቻ አሳዳጆቿ ከያዟት ግን ወደ ማዶ ይመልሷታል፤ እዚያ የሚጠብቃት ግድግዳና ጥይት ነው።

እሷን ማድረስ የሴራፊን ሥራ ነው። የሞንቬራ መንደር ሰው የሚያውቃት የወይን ቅጠል ለመቀንጠብ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ከተራራ የወረደች የቀን ሠራተኛ አድርጎ ነው። ለላኳት ሰዎች «ምስጥ» ናት።

ቀና ስትል ሁለት ሰዎች አየች።

የጀልባ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ካፖርታቸው አዲስ ነው። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት በአጠገባቸው ስታልፍ «ደህና አደራችሁ» አለቻቸው። ዝም አሏት።

ሞንቬራ ውስጥ ሰላምታ የማይመልስ ሰው የለም። በአንዲት የአጥር ድንጋይ የተነሳ ከአያት ጀምሮ የተኳረፉ ጎረቤታሞች እንኳ ፊታቸውን አዙረው ሰላም ይባባላሉ።

«አርማን፣ እዚህ አትውረድ» አለች ዓይኗን ከመረቡ ሳትነቅል። «ወደ ሸምበቆው ዙር።»

«ምን ሆንሽ አንቺ የተራራ ፍየል? ጀልባ ቤቱ ጋ አይደል የተባባልነው?»

«ዙር አልኩህ!»

እያጉረመረመ ጉሙ ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ሸምበቆው ጋ ደርሳ ኦዲልን ተቀበለችው። ልጅቷ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«የት ልታስገቢያት ነው?» አለ አርማን።

ጥያቄው ደስ አላላትም።

«አንተ አሳህን ሽጥ።»

«እሺ እመቤቴ! ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ሚስጥር የያዝሽብኝ?»

በወይኑ እርከኖች መሃል ባለው ጠባብ ደረጃ ልጅቷን ይዛ ወጣች። ላይኛው እርከን ላይ መቆፈሪያና መርጫ የሚቀመጥባት የድንጋይ ጎጆ አለች። እዚያ ቆለፈችባት።

መገናኛው ጀልባ ቤቱ መሆኑን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እሷ፣ አርማን፣ እና ሁሉም በአክብሮት «ሙሴ» የሚለው የወይን እርሻው ጌታ ዡል ፓሽ። አንዱ ሸጧቸዋል።

የፓሽ ዘር ይህን ቁልቁለት ማረስ ከጀመረ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። መነኮሳት እርከኑን እንዴት እንደካቡት፣ የበርን ከተማ ገዢዎች ወይኑን ለግብር እንዴት እንደጫኑት፣ ዡል ሲያወራ በቦታው የነበረ ይመስላል። አርማን ግን አባቱ ከወዲያኛው መንደር ስለመጣ ዛሬም «መጤ» ነው። መንደሩ ዶሮ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚያየው ወደ አርማን ጓሮ ነው። ሴራፊንም ያን ቀን ያየችው ወደዚያው ነበር።

በምሳ ሰዓት ሴቶቹ ግንቡ ጥላ ስር ጥቁሩን የጦርነት ዳቦ በአይብ ሲበሉ ዡል መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እንግዳችን ደህና ገባች ልጄ?»

«ገብታለች ሙሴ ዡል።»

«የት?»

«ደረቅ ቦታ።»

«ለኔም ትደብቂያለሽ?» ብሎ ሳቀ። ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ፤ ደግሞ አወለቀ። «ይሁን። ቀንጠባው ዛሬ አለቀ፤ በማታው መርከብ ትሄዳላችሁ። ለመሰናበቻ ወይን ጓዳዬ ሳትወርጂ ግን አትሄጂም። እቀየምሻለሁ!»

እሱም ጠየቀ። ሁለቱም ጠየቁ።

ባትወርድ መንደሩ ሁሉ ያወራል። ወረደች።

ጓዳው ቀዝቃዛ ነው። ዡል በርሜሎቹ መሃል ቆሟል። የተገለበጠው ሳጥን ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ። አንዱ ባዶ ነው። አንዱ ሞልቷል።

በሞንቬራ ጓዳ ብርጭቆ አንድ ነው። ባለቤቱ ከበርሜሉ ይቀዳል፣ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፣ ከዚያ ሞልቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ፓስተርም ቢመጣ ዳኛም ቢመጣ እንደዚያው ነው። እሷም እዚህ ከመጣች ጀምሮ ስትጠጣ የኖረችው ዡል በጠጣበት ነው።

«ምነው ሁለት ሆነ?» አለች እንደ ቀልድ።

«አርማን ነው። ለመሰናበቻዋ ብሎ ቀዳልሽና ወጣ። መጤ ወግ መች ያውቃል! በይ ጠጪ ልጄ።»

አርማን ቀድቶት ይሆናል። ዡል ዋሽቶም ይሆናል።

ብርጭቆውን አልነካችውም።

ደረጃው ላይ የእንጨት ጫማ ተንኳኳ። አርማን በእርጥብ ቅጠል የተጠቀለለ አሳ ይዞ ወረደ።

«ኧረ የተራራዋ! ዛሬስ ልትገላግይን ነው?» አለና አሳውን ሰጣት። «ለመንገድሽ ነው። አጥንት የለውም፤ አውጥቼልሻለሁ።»

ሳጥኑ ላይ ሞልቶ የቆመውን ወይን አየ። በዚያ ጓዳ «የኔ ብርጭቆ» የሚባል ነገር የለም። እጁን ዘረጋ።

ሴራፊን አየችው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ከዳተኛው እሱ ከሆነ አይጠጣም።

ዝም አለች።

አርማን ጠጣ። እስከ ታች።

«አይ…» አለ ዡል። ዘግይቷል።

«ይሄ በርሜል ምን ነካው ሙሴ ዡል?» አርማን አፉን በእጁ ጠረገ። «መረረኝ እኮ።»

ደረጃው ላይ ሊቀመጥ ሲል ሳተው። ወደ ሴራፊን ቀና አለ፤ የተገረመ ይመስል ነበር። ከዚያ በጎኑ ወደቀ።

አንገቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ምንም የለም።

«ለእንቅልፍ ነው ያሉኝ!» ዡል በርሜሉን ሙጥኝ አለ። «እሷን አስተኛት፣ እኛ መጥተን ልጅቷን የት እንደደበቀች እናናግራታለን አሉኝ። ሴት ልጄ ማዶ ናት ሴራፊን፤ ባሏን ወስደውታል። ቀጥሎ እሷን ነው አሉኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«መርከቡ ከሄደ በኋላ።»

የአርማንን ዓይን ከደነች። ቁልፉን ከግድግዳው አነሳች።

«ከሬሳ ጋር አትቆልፊብኝ! በፈጠረሽ!»

«ይጠብቁት ሙሴ ዡል። ጎረቤትዎ ነው።»

በሩን ቆለፈች።

እየሮጠች ወደ ድንጋይ ጎጆዋ ወጣች። መቀየሪያ ቀሚሷንና ሽርጧን ኦዲልን አለበሰቻት። የወይን ቅጠል ጨፍልቃ የልጅቷን ጣቶች እስኪጠቁሩ አሸቻቸው። የሬዲዮ ሠራተኛ እጅ ንጹሕ ነው፤ ንጹሕ እጅ ደግሞ ያስገድላል።

ሴቶቹ ባርኔጣቸው ላይ ቅጠል ሰክተው እየዘፈኑ ወደ መርከቡ ይወርዳሉ። መሃላቸው ገቡ።

ሁለቱ ሰዎች መሳፈሪያው ላይ ቆመዋል።

«ሰላም በያቸው» አለች ሴራፊን በሹክሹክታ።

«እነሱን?»

«ሁላችንም እንላለን። ዝም ካልሽ አለቀልሽ።»

ኦዲል ቀና አለች። «ደህና አምሹ ጌቶቼ!»

አልመለሱላትም። አንደኛው ፊቷን አየ። ወደ እጇ ወረደ።

እጇ ላይ ቆየ።

«አንተ ደግሞ ምን ታፈጣለህ? ሚስት ብትፈልግ ጠይቀን!» አለች ከኋላ አንዲት ወፍራም ሴት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰውዬው ፊቱን አዞረ።

ደወሉ ተደወለ። መርከቡ ተነሳ።

ሎዛን ወደብ ላይ «አጎቴ» የሚባለው ሰው ጠበቃቸው፤ ትእዛዝ የምትቀበለው ከእሱ ነው። ኦዲል እሱ ያመጣው መኪና ውስጥ ከመግባቷ በፊት የሴራፊን አንገት ላይ ተጠመጠመች።

መኪናው ሲሄድ አጎቴ ሲጋራ ለኮሰ።

«አሳ አጥማጁስ?»

«ሞተ።»

«ከዳተኛው እሱ ነበር?»

«አልነበረም። ስላልነበረ ጠጣው።»

ሁሉንም ነገረችው።

«መርዝ መሆኑን ማንም አላወቀም እንላለን» አለ።

«እኔ ጠርጥሬ ነበር። እሱ ይሆን እንደሆነ ለማየት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

አጎቴ ወደ ሐይቁ አየ። «ልጅቷ ተርፋለች» አለ በመጨረሻ።

«ማን ይቀብረዋል?»

«መንደሩ።»

«መጤ ነው የሚሉት እኮ።»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም ምስጥ።» አዲስ መታወቂያና የባቡር ቲኬት ሰጣት። «ሌላ ሐይቅ ዳር ገረድ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ወደ ሞንቬራ አትመለሺም። የሰውዬውንም ስም አትጠሪም።»

ባቡሩ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀመጠች። አጠገቧ አንዲት አሮጊት የሹራብ ሥራቸውን ይዘው ተመቻቹና፣

«የማን ልጅ ነሽ የኔ ልጅ? ስምሽ ማነው?» አሏት።

«ሜላኒ» አለች፣ አዲሱ መታወቂያዋ ላይ የተጻፈውን።

ድምጿ ምንም አልተንቀጠቀጠም። አሮጊቷ ያለ ጥርጣሬ ፈገግ አሉላት። ያኔ ነው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ያለቀሰችው።