የክፍል ሰባት የግድግዳ ሰዓት

ሁዘይፋ በሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ወድቋል። የሸፈኑበት አንሶላ አዲስ ነው፤ የታጠፈበት መስመር ገና አልጠፋም። ኢንስፔክተር ሸፊቃ ከደሴ ተነስታ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ ስትደርስ ማክሰኞ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። አንሶላውን ከፊቱ ላይ ገለጠች። የሃያ ስምንት ዓመቱ የፔንሲዮን እንግዳ ተቀባይ ዓይኑን አልከደነም። የጭንቅላቱ ኋላ ተፈንክቷል፤ ቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ደርቋል።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። መዳፉ ውስጥ ከጥፍር የማይበልጥ፣ ጎበጥ ያለ ጥቁር የፕላስቲክ ስባሪ ነበር።

«አዳልጦት ይሆን፣ ልጄ?» አሉ የፔንሲዮኑ ባለቤት ወይዘሮ አትጠገብ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው።

«ያዳለጠው ሰው የሚይዘው ፍለጋ እጁን ይዘረጋል። ይሄ የያዘውን ላለመልቀቅ ነው የጨበጠው።»

ከኋላዋ የቡት ጫማ ድምፅ ተሰማ። ከመናኸሪያው በፊት ያለውን ኬላ የሚመራው ሳጅን ደሳለው ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ብዙም አይድከሙ። ገዳይዋን ይዣታለሁ።»

ያዛት የተባለችው ዚክራ ናት፤ ደሴ ሰኞ ገበያ አንሶላና መጋረጃ የምትሸጥ፣ ለፔንሲዮኖችም እየዞረች የምታቀርብ ወጣት። ከወር በፊት ደሳለው የተሳፈረችበትን ባጃጅ አስቁሞ «ወንድ በማማለል» ከሷታል። ማስረጃው በዚሁ ፔንሲዮን ክፍል ሰባት በስውር የተቀረጸ ቪዲዮ ነበር። ክሱ ሐሙስ ከሰዓት ሊሰማ ተቀጥሯል፤ የተጠራው ምስክር ደግሞ ሁዘይፋ ነበር። አሁን ምስክሩ ሞቷል፤ ዚክራም በነፍስ ግድያ ተጠርጥራ ታስራለች።

ደሳለው ስልኩን አወጣ። ከወር በፊቱ ሌላ፣ ከላይ፣ ከግድግዳ በኩል የተቀረጸ፣ ድምፅ የሌለው አጭር ምስል ነው። መስኮቱ ሥር አልጋ አለ፤ ትራሱ ላይ ቢጫ ብርሃን አርፏል። ዚክራ የአንሶላ ጥቅሏን አልጋው ላይ ጥላ፣ ጣቷን እየቀሰረች ትናገራለች። ሁዘይፋ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆይቶ በመጨረሻ ራሱን ይነቀንቃል። ምስሉ ጥግ ላይ 09:20 የሚል ቁጥር አለ።

«ዘጠኝ ከሃያ፣ ዛሬ» አለ ደሳለው። «ሐኪሙም ከዘጠኝ እስከ አሥር ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ በባጃጅ ስትሸሽ ኬላዬ ላይ አስቆምኳት። ቁጥር አይዋሽም።»

«ካሜራው የት ነው?»

«የመረጃ ምንጩ ምስጢር ነው።»

«ከእኔም?»

«ከማንም።»

ሸፊቃ አንሶላውን መልሳ ፊቱ ላይ አለበሰች። ወደ ክፍል ሰባት ወጣች። ከበሩ በላይ አንድ ሚስማር አለ፤ ከሚስማሩ ሥር ከሌላው ቀለም የነጣ ክብ ምልክት። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ይመለከታል። እዚያ ቆማ ጥቂት አሰበችና በሩን አሸገች።

ረቡዕ ማለዳ ዚክራን ከእስር ክፍሏ አስጠራቻት።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። እርስዎም ሊያስፈርሙኝ ነው?»

«ልሰማሽ ነው።»

ዚክራ ቀና አለች። ዓይኗ በንዴት ቀልቷል። «ወር ሙሉ ሁሉም ያየኛል እንጂ የሰማኝ የለም። ቪዲዮው ድምፅ የለውማ!»

«አሁን ተናገሪ።»

«አንሶላ ዘርግቼ ሳሳይ ቀረጹኝ። የዘረጋሁት አልጋ ላይ ስለሆነ ሴተኛ አዳሪ አሉኝ። አንሶላ የት ይዘረጋል? ጣሪያ ላይ? ትናንት ሁዘይፋ ጋ ሄጄ ጮህኩበት፤ አልክድም። ‹የመጣሁት ልሸጥ መሆኑን እያወቅህ ለምን ዝም ትላለህ?› አልኩት። ‹ሐሙስ እናገራለሁ ወላሂ፣ ካሜራውን ማን እንዳመጣውም እናገራለሁ› አለኝ። ስወጣ ባለባጃጁ ከሊድ ጋ ተሳፈርኩ። ሳጅኑ አስቆመን። ገና ጠዋት ነበር።»

«መዝገቡ ከቀኑ ዘጠኝ ከአርባ አምስት ይላል።»

«መዝገቡ ይዋሻላ! ኬላው ጎን ያለው ኮንቴይነር ውስጥ ቆለፈብኝ። የቀትሩን የዙሁርንም፣ የከሰዓቱን የዐስርንም አዛን የሰማሁት እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ለውዱእ መታጠቢያ ውኃ ብለምነው ‹እንዳንቺ ላለችው ሶላት ምን ያደርግላታል› ብሎ ሳቀ። ውኃ ሳጣ በግድግዳው አቧራ ተየሙም አድርጌ ሰገድኩ። ለዙሁርም፣ ለዐስርም።»

የሸፊቃ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሊበሳው ደረሰ። «ከዚያስ?»

«ከዐስር ሶላት በኋላ መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር መደርደሪያው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ቃ፣ ቃ፣ ቃ የሚል ድምፅ ነበር። ከዚያ በፊት ዝም ያለ ቤት ነው። አይጥ ነው ብዬ ነበር፤ አይጥ ግን እንደዚያ አይቆጥርም።»

ወይዘሮ አትጠገብ ስለ ካሜራ ሲጠየቁ ከወንበራቸው ተነሱ።

«እኔ? ለሙሽራ ክፍል የማከራይ ሴት፣ የሰው ገመና ላስቀርጽ?»

«ከበሩ በላይ ምን ተሰቅሎ ነበር?»

«ሰዓት ነዋ። ጥቁር የግድግዳ ሰዓት። ሁለት ወር ይሆነዋል፤ ሁዘይፋ ተሰጠኝ ብሎ ሰቀለው። ማክሰኞ አልጋ ላነጥፍ ገብቼ ሰባት ሰዓት መሆኑን ያየሁት በእሱ ነው። ከዚያ ለቅሶ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ... ያን አየሁ።»

«ሰኞ ከሁዘይፋ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

ሴትዮዋ ተቀመጡ። «ተጣልተናል። ፍርድ ቤት መሄዱን ተው፣ ስማችን ይጠፋል አልኩት። ምነው ያን ቀን ምላሴ በተቆረጠ!»

ባለባጃጁ ከሊድ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ባጃጁን ደጋግሞ ይወለውላል።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያስቆማችሁ?»

«ዘጠኝ ከአርባ አምስት።»

«ሰዓት አለህ?»

«የለኝም።»

«ስልክህስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ተሰብሯል።»

«በምን አወቅህ ታዲያ? በጥላህ?»

ከሊድ ጨርቁን ጨመቀ። «ተጽፎ ነው የፈረምኩት፣ እታለም።»

«መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ።»

«ሳጅኑ ጋ ነው። ከማክሰኞ ጀምሮ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጆች አሉኝ።»

ሸፊቃ ደሳለውን የጠራችው የዳኛ የብርበራ ትእዛዝ ከጠየቀችና ሁለት ፖሊሶችን ኮንቴይነሩ በር ላይ ካቆመች በኋላ ነው።

«ሬሳው የተገኘው አሥራ አንድ ሰዓት ነው» አለችው። «ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ ሰው መሞቱን የሚያውቅ አልነበረም። ዚክራን ለምን አስቆምካት?»

«ጠርጥሬ።»

«ምን ጠርጥረህ?»

«ሴት ብቻዋን ከፔንሲዮን ስትወጣ ምን ይጠረጠራል? ልምድ አለኝ፣ ኢንስፔክተር። በሁለት ወር አሥራ አንድ እንዲህ ዓይነት መዝገብ ያስከፈተ ሌላ ኬላ የለም። አለቆቼም አመስግነውኛል።»

«ከፔንሲዮን መውጣት ወንጀል አይደለም። ልምድህም ሕግ አይደለም። ማክሰኞ ከኬላህ ርቀህ ነበር?»

«ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ንቅንቅ አላልኩም። ፈርሜበታለሁ።»

«የኮንቴይነሩ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ከእኔ በቀር ማንም አይዘውም» አለ ኮራ ብሎ።

ትእዛዙ እስኪመጣ ሸፊቃ ያን የዛገ በር ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ቆመች። ቁልፉ በአንድ መዶሻ ምት ይወድቅ ነበር። አልነካችውም። እዚያ ውስጥ ሰው ያለ ትእዛዝ ተቆልፎ መዋሉን እያሰበች፣ ትእዛዝ ጠበቀች።

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሁሉንም ክፍል ሰባት ሰበሰበቻቸው። የዞኑ የወንጀል ምርመራ ኃላፊ ኮማንደር ቀለሙ ብቸኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ አትጠገብ በሩን ተደግፈዋል። ከሊድ ኮፍያውን በእጁ ያሽከረክራል። ዚክራ እጇ በካቴና እንደታሰረ መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። ደሳለው ክንዱን አጣምሯል።

«በስምንት ሰዓት ፍርድ ቤት አለን» አሉ ኮማንደሩ። «ቶሎ በይ።»

«ፀሐይዋን ጥቂት እንጠብቃት፣ ጌታዬ።»

ሁሉም ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ብርሃኑ ከመስኮቱ ብረት ላይ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ደረሰ፤ ወደ ትራሱ ተጠጋ። ሸፊቃ የደሳለውን ቪዲዮ በስልኳ ከፍታ ለኮማንደሩ ሰጠቻቸው።

«ትራሱን ይመልከቱ። በምስሉም፣ በአልጋውም።»

ኮማንደሩ ሁለቱን ደጋግመው አዩ። «አንድ ነው።»

«ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ከሃያ ላይ እዚሁ ቆሜ ነበር። ክፍሉ ጨልሞ መብራት አብርቻለሁ። ይህ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አያይም። ቪዲዮው የተቀረጸው በጠዋት ነው።»

«ቁጥሩ ዘጠኝ ከሃያ ይላል!» አለ ደሳለው።

«ይላል።» ሸፊቃ ከቦርሳዋ ጥቁር የግድግዳ ሰዓት አወጣች።

ወይዘሮ አትጠገብ ጮኹ። «እሱ ነው! የእኔው ሰዓት!»

«በዳኛ ትእዛዝ፣ ከኮንቴይነሩ መደርደሪያ ላይ፣ ከጋዜጣው ጋር ነው ያገኘሁት። አሁን ስንት ሰዓት ይላል?»

«ሦስት ከሃያ» አሉ ኮማንደሩ።

ከበስተኋላው ያለውን ክዳን ከፈተች፤ ካሜራው ውስጡ ነበር። በገመድ ከስልኳ ጋር አገናኘችው። የሁሉም ፊት በስክሪኑ ላይ ታየ፤ ጥግ ላይ 09:20 ተጽፏል።

«ፊቱ የእኛን ሰዓት ይቆጥራል። ሆዱ ውስጥ ያለው ካሜራ ግን የፈረንጁን እንደያዘ ነው፤ ያስተካከለው የለም። ዚክራ እዚህ የነበረችው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ከሃያ ላይ ነው። ሁዘይፋ ግን የሞተው፣ ሐኪሙ እንዳለው፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ደሳለው፣ አንተ ይህን ታውቃለህ፤ ጠዋት ያስቆምካት አንተ ነህና። ቁጥሩን የሚያየው ሰው ሁሉ ግን ከሰዓት በኋላ ብሎ እንደሚያነበው ተማመንክ።»

«እኔም እንደዚያው ነው ያነበብኩት» አሉ ኮማንደሩ፣ ለራሳቸው ያህል።

«ኮንቴይነሩ ግድግዳ ላይ፣ አቧራው ውስጥ የሁለት መዳፍ ምልክት አለ፤ ሁለት ቦታ። ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ የተያዘች ሴት ዙሁርን እዚያ ልትሰግድ አትችልም። ሁዘይፋ ሲገደል እሷ ያለ መዝገብ፣ ያለ ውኃ፣ በአንተ ቁልፍ ሥር ነበረች። የቆለፍክባት በር ነው ነፃ የሚያወጣት።»

ከሊድ ኮፍያውን ጣለው። «ጠዋት ነው! ጠዋት ነው ያስቆመን። ፈቃዴን ነጥቆ አስፈረመኝ። ያ አላህ! ይቅር በይኝ፣ ዚክራ!»

«የገደለውስ?» አሉ ኮማንደሩ።

«ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ላይ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ወይዘሮ አትጠገብ አይተውታል። ከዐስር አዛን በኋላ ኮንቴይነሩ ውስጥ ነበር፤ ዚክራ ሰምታዋለች። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከኬላው አልተነቃነቅሁም ብሎ ፈርሟል። ሁዘይፋ ዛሬ ቢመሰክር አሥራ አንዱም መዝገብ ይፈርሳል፤ ሰዓቱን ማን እንደሰጠው ይታወቃል። ስለዚህ ሊያስፈራራው መጣ፤ ሰዓቱን ነቀለ። ሁዘይፋ ግን ማስረጃውን አልለቅም አለ።»

ከቦርሳዋ ትንሽ የማስረጃ ላስቲክ አውጥታ ከፈተች። ከሟቹ መዳፍ ያወጣችውን ስባሪ ወደ ሰዓቱ ጠርዝ አስጠጋች። ጎደሎው ቦታ ላይ ልክ ገባ።

«አልገፋሁትም!» አለ ደሳለው። «ደረጃው ላይ ነው የታገለኝ። ሰዓቱን ቢለቅልኝ ኖሮ...»

ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ቃ፣ ቃ፣ ቃ ብቻ ነበር።

ሸፊቃ የዚክራን ካቴና ፈታች። ከዚያ ወደ ደሳለው ዞረች። «ዝም የማለት መብት አለህ። የምትናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል። ጠበቃ የማግኘት መብት አለህ። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ።»

ዚክራ ሳቀች፤ ደስታ የሌለበት ሳቅ።

«ይህን ሁሉ በቃላችሁ ታውቁት ነበር?»

በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ገቡ። ደሳለውን ይዘውት ወጡ። ኮማንደር ቀለሙ ከወንበራቸው ተነሱ።

«የማማለሉ ክስ ዛሬውኑ እንዲነሳ ለዐቃቤ ሕግ እነግራለሁ። መቅረብ አያስፈልግሽም። ቪዲዮውም ማንም ሳያየው ይጠፋል።»

«አይጠፋም» አለች ዚክራ። «ወር ሙሉ ሹክ ሲባልብኝ ከረመ፤ አሁን ደግሞ ዝም ብሎ ይጥፋ? ስምንት ሰዓት ላይ እቀርባለሁ። ዳኛው በአደባባይ ይዩት፤ አንሶላ ስዘረጋ ይዩኝ። የማክሰኞውንም ይዩት፤ ሁዘይፋ እሺ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ። ምስክር ተብሎ ነበር የተጠራው፤ ይመስክር። የቀሩት አሥር ሴቶችስ?»

«ስማቸው እኔ ጋ አለ» አለች ሸፊቃ። «እያንዳንዳቸውን እጠራለሁ።»

ዚክራ ከኮንቴይነሩ የተመለሰላትን የአንሶላ ጥቅል ተሸክማ ወረደች። ደረጃው ግርጌ ላይ ቆም ብላ ዱዓ አደረገች። ከዚያ የከሊድ ባጃጅ ውስጥ ገባች፤ እሱም ሞተሩን አስነሳ።

ኬላው ጋ ሲደርሱ ባጃጁ ዝግ አለ። ኮንቴይነሩ ታሽጓል፤ መንገዱ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው የለም። ከሊድ ግን ፍሬን ረግጦ ሊቆም ነበር።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«እግሬ ለምዶ ነው።»

«ልማዱን አስተወው» አለች ዚክራ። «ንዳ!»