ከዚህ በፊት ውኃ ገብቶ ያውቃል?

«እሷን ጠይቃት!» አሉ መምህር ጥሩሰው ጣታቸውን ወደ ልጃቸው ቀስረው። «ያን ጊዜ ቤቱን ስትጠብቅ የነበረችው ጣቢታ ናት። እሷ ትመስክርልኝ።»

ጣቢታ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ደረቀች። የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር በዚህ ቤት ፎርም የምትሞላው እሷ ነች፤ የቀበሌም ይሁን የቤተ ክርስቲያን። የዛሬው ግን የቤት ኢንሹራንስ ነው። ፎርሙን ይዞ የመጣው ወኪል ሚክያስ ስምንተኛውን ጥያቄ በጣቱ ነክቶ ይጠብቃታል፦ «ከዚህ በፊት ቤቱ ውስጥ ውኃ ገብቶ ያውቃል?»

የእሳቱ ኢንሹራንስ አላከራከረም። ቤቱ በባንክ ብድር ስለተሠራ ባንኩ ግድ ብሏል። ጠቡ ያለው የጎርፉ ላይ ነው።

«ለጎርፍ ደግሞ በየዓመቱ ጭማሪ ልክፈል?» አሉ አባቷ። «ዘጠኝ ክረምት ጠብ አላለብንም! ጌታ ይጠብቀናል።»

«ጌታማ ይጠብቃል፤ አንተ ግን ማታ ማታ በሩን ትቆልፋለህ» አለች እናቷ ርብቃ። «ላይኛው መንገድ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ውኃው ሁሉ ወደኛ ነው የሚወርደው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

«ካቻምና ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ የት ነበርን? ሾኔ፣ ጉባኤ ላይ! ሦስት ቀን ቆይተን ስንመለስ ይቺ ልጅ ምን አለችን? ‹ጠብ አላለም› አለችን። ቤቱን እንደተውነው ነው ያስረከበችን። እንዲህ ያለች ልጅ ነው ያሳደግነው!»

እንዲህ ያለው ምስጋና ከቁንጥጫ ይብሳል። ጣቢታ አንገቷን ደፋች።

ካቻምና እናቷ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንሰት ስትፍቅ ሰንብታ፣ «ቅጠሉንና ልጣጩን ጓሮ ወስደሽ ድፊው» ብላት ነበር ወደ ሾኔ የሄደችው። ሥራው ሦስት ሸክም ነው፤ የመዘምራን ልምምድ ደግሞ ደርሶባታል። ጓሮው ሩቅ፣ ከአጥሩ ሥር ያለው የውኃ መውረጃ ቦይ ቅርብ! ሁሉንም በአጥር ላይ አሽቀንጥራ ቦዩ ውስጥ ጣለችውና እየሮጠች ሄደች። ዝናቡ አባርቶ ስትመለስ ሳሎኑ ውስጥ ጭቃ ውኃ ቁርጭምጭሚቷን አለፈ። በማግስቱ ሙሉ ቀን ስትቀዳ፣ ስትጠርግ፣ ምንጣፍ ስታሰጣ ዋለች። በኋላ የቡፌው እግር ሲያብጥ እናቷ በእርጥበት አመካኘች። ጣቢታም በሆዷ እርጥበትን አመሰገነች።

«እ፣ እህቴ?» አለ ሚክያስ። «ካልገባ ‹አልገባም› የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። መምህር፣ አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። የጎርፉን ሽፋን ወስዳችሁ ይሄ መልስ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ጎርፍ የመጣ ቀን ድርጅቱ አይከፍልም።»

«ሐሰት ከየት ይመጣል?» ብለው ሳቁ አባቷ።

ተበላሁ፣ አለች ጣቢታ በልቧ። ‹አልገባም› ብላ ብትጽፍ አባቷ ያሸንፋሉ፤ ቤቱም ያለ ሽፋን ይቀራል። እናቷ ብታሸንፍ ደግሞ፣ መልሱ ሐሰት ነውና፣ ዓመት በዓመት ከፍለው ከፍለው ጎርፍ የመጣ ቀን ባዶ እጃቸውን ናቸው።  የአባቷን ፊት አየችው፤ ይህን ሳቅ የምታጠፋው እሷ ናት።

«ገብቷል» አለች።

«ምን?»

«ካቻምና፣ እናንተ ሾኔ እያላችሁ። ጠርጌው ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

የመምህር ጥሩሰው ሳቅ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። እናቷ ግን እጇን አጨበጨበች። «አላልኩም? ያ ኮብልስቶን ነው! በቃ፣ ጉዳዩ አለቀ። እሷም ልጅ ናት፣ ፈርታ ነው።»

መውጫው በር ተከፈተላት። ዝም ብትል ጥፋቱ የመንገዱ ይሆናል፤ እሷም «ልጅ ናት» ተብላ ታልፋለች። ከዚያ በኋላ ግን አባቷ በየዓመቱ የሚከፍሉት መንገዱን እየወቀሱ ነው፤ መንገዱ ያላደረገውን። ፎርሙ ላይ ቀጣዩ መስመር «ምክንያቱ» ይላል።

«መንገዱ አይደለም» አለች። «የእንሰቱን ልጣጭ ጓሮ መውሰድ ሰልችቶኝ ቦዩ ውስጥ ጥዬው ነው። የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

አሁን የእናቷም ፊት ጠቆረ።  አባቷ ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱና ከዳገቱ ቤቶች ሁሉ ውኃ እየተቀበለ በአጥራቸው ሥር የሚያልፈውን ቦይ ያዩ ጀመር።

«ከኛ በላይ ስንት ቤት ነው እንሰት የሚፋቅበት?» አሉ በመጨረሻ።

«የማይፋቅበት አለ እንዴ?» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«አንዲት ልጅ በአንድ ቀን ከደፈነችው እንግዲህ...» አልጨረሱትም። ወደ ሚክያስ ዞሩ። «የጎርፉንም ጨምርበት።» ጣቢታን ግን አላዩዋትም። «እንደሆነው ጻፊው» አሏትና ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ጣቢታ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ ጻፈች፦ «የውኃ መውረጃው ቦይ በእንሰት ልጣጭ ተደፍኖ። የደፈነችው ጣቢታ ጥሩሰው።»

ሚክያስ ጎንበስ ብሎ አነበበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስም እኮ አያስፈልግም። ‹ቦይ ተደፍኖ› ካልሽ ይበቃል፤ ሰርዢው።»

ጣቢታ ቀና ብላ የአባቷን ጀርባ አየች። ምንም አልሰረዘችም። ፎርሙን አነሣችና እንዲፈርሙበት ይዛላቸው ሄደች።