በየበዓሉ ያልተለካው ነፋስ

ቅዳሜ ጠዋት ጊደር መጋላ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ጮኸ። የደወለችው የነፋስ ጥናቱን የያዘችው ባለሙያ ማህሌት ነበረች። «መምህር አባይነህ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የደወልኩት» አለችኝ። «ወር በገባ በ12፣ በ19ና በ21 ነፋሱ ሁልጊዜ እኩል የሚሆነው ለምንድን ነው?»

ክው አልኩ። የመለኪያ መሣሪያው ብልሽት ይሆናል ብያት ሽንኩርቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ሐረር የፊዚክስ መምህር ሆኜ ከተመደብኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በአቦከር ሰፈር በኩል ዳገቱ ላይ አንድ ጤና ጣቢያ አለ። የቧንቧ ውሃ እዚያ ድረስ የመውጣት ጉልበት የለውም። አንድ የልማት ድርጅት ታች ካለው ጉድጓድ በነፋስ ኃይል ውሃ የሚስብ ፓምፕ ሊተክልለት አሰበ። ነፋስ ሲጠፋ ግን ፓምፑ ይቆማል። ስለዚህ ነፋሱ ቢበዛ ስንት ቀን ተከታትሎ እንደሚጠፋ ታውቆ፣ ለዚያ ያህል ቀን ውሃ የሚይዝ ታንከር መቀመጥ አለበት። ዓመቱን ሙሉ በቀን ሦስት ጊዜ ዳገቱን ወጥቼ ነፋሱን እንድለካ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ለካሁ። በሚካኤል፣ በገብርኤልና በማርያም ቀን ግን አልለካሁም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳገቱ ይታክተኝና ቤቴ ቁጭ ብዬ «በሰከንድ አራት ሜትር ተኩል» ብዬ እሞላለሁ። ፓምፑን የሚያዞር ደህና ቁጥር ነው፤ ማንም አይጠይቀኝም። በቅዱሳኑ ላላክክ አልፈልግም፤ ስንፍናው የራሴ ነው። ደግሞ ከዓመት ውስጥ ሠላሳ ስድስት ቀን ምን ያጎድላል እያልኩ ራሴን አታልል ነበር።

የታንከሩ ውል የሚፈረመው ማክሰኞ ነው።

ሰኞ ማህሌት ታንከሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ለማሳየት ጤና ጣቢያው መጣች። መዝገቡን ገልጣ፣ ነፋስ ከሁለት ቀን በላይ ጠፍቶ እንደማያውቅ፣ ስለዚህ የሦስት ቀን ታንከር እንደሚበቃ አስረዳች። እኔ ግን የኅዳር ጽዮን ሰሞን ትዝ አለኝ። ያኔ አምስት ቀን ሙሉ ቅጠል አልተነቃነቀም። በ19ኙና በ21ዱ የጻፍኩት የሐሰት ነፋስ አምስቱን ቀን ቆራርጦ ደብቆታል።

አሁንም ማምለጫ ፈለግኩ። የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አብዱልፈታን፣ ታንከሩ አንድ ሁለት ቀን ባዶ ቢሆን ያን ያህል ይጎዳ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ባለፈው ረቡዕ አዋላጇ እጇን የምትታጠብበት አጥታ፣ ከጎረቤት አንድ ጀሪካን ለምነን ነው ያዋለድነው» አለኝ። «ወላሂ መምህር፣ ምጥ የያዛትን ሴት ነፋስ እስኪመጣ ጠብቂ አልላትም።»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ተናገርኩ።

ማህሌት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔም እነዚያን ቀናት አከብራለሁ፤ ጠርጥሬ ነበር» አለችኝ። «ባዶ ቢተዉት ኖሮ በዙሪያው ካሉት ቀናት ተነስቼ አሰላው ነበር። የጎደለ ቀን ይሰላል። አሁን ግን ከቀሩት ቀናት የትኛውን ልመን?»

ውሉ ቀረ፤ ልኬታው እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። አብዱልፈታ አንድ ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል ሲሰማ ጀሪካን አንስቶ ወደ ጎረቤት ሄደ። ሌላውን ጀሪካን ይዤ ተከተልኩት።

ዛሬ በዓልም ቢሆን ዳገቱን እወጣለሁ። ታምሜ የቀረሁ ቀን ደግሞ «አልተለካም» ብዬ እጽፋለሁ።

በየቢሮው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየክሊኒኩ መዝገብ የምትሞሉ ወገኖቼ፣ ያላያችሁትን ባዶ ተዉት። ባዶው ቦታ ቢበዛ ያሳፍራችኋል። እኔ የሞላሁት ግን ወላዶችን አንድ ዓመት ውሃ አሳጣ።