የመመሪያው ብቸኛ አንባቢ

«ጋሽ እርዳታ» የሚሏቸው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በጓሮ ደረጃው ግርጌ ወድቀው የተገኙት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ልክ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከእሳቸው ኮምፒውተር የወጣ ኢሜይል ለሠራተኛው ሁሉ ደርሷል፦ «የሊፍቱ ማስጠንቀቂያ እጄ ገብቶ ነበር። ረስቼ አስቀረሁት። የሁለቱ ሰዎች ደም በእኔ ላይ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ከሁለት ወር በፊት አንድ ሊፍት ተበጥሶ ሁለት ሰው ገድሏል። ነዋሪዎቹ አስቀድመን በኢሜይል አስጠንቅቀናል ይላሉ፤ ሟቹ የሚሠሩበት የሊፍት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ ምንም አልደረሰኝም ሲል ከርሟል። አጣሪ ኮሚቴው የሚመጣው በማግስቱ ነበር። አሁን ጥፋተኛው በገዛ እጁ ጽፎ ሞቷል፤ ለሁሉም የሚመች ሞት ነው።

የሌላውን ሊፍት የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ራሱ ሊፍት የለውም። መርማሪው አራተኛ ፎቅ የደረሰው እያለከለከና በሆዱ እየተራገመ ነው። ባልደረቦቹ «ምስጥ» ይሉታል፤ ድምፅ ሳያሰማ ውስጥ ውስጡን ስለሚበላ። የሚመች ሞት ደግሞ አይወድም።

የሟቹ ጠረጴዛ ላይ የምሳ ዕቃ አየና ከፈተው። ምሳው አልተነካም። የሟቹን ሴት ልጅ ኮሪደሩ ላይ ከተቀመጠችበት ጠራት።

«ምሳውን የቋጠርሽላቸው አንቺ ነሽ የኔ ልጅ?»

«አዎ። ስኳር አለበት። ሰባት ሰዓት ካለፈ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ያቋርጣል እንጂ ምሳ አያሳልፍም።» የምሳ ዕቃውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ሰው ገድሎ ሞተ እያሉ ነው» አለች። «ከሟቾቹ አንዷ ጎረቤታችን ናት። ነገ ኮሚቴው ይህንኑ ጽፎ ከዘጋው፣ በእናቷ ደጅ እንዴት ብዬ ነው የማልፈው?»

መርማሪው ያልተነካውን ምሳ ደግሞ አየው። ከሰባት ሰዓት በፊት የሞተ ሰው በዘጠኝ ሰዓት ደብዳቤ አይልክም። የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛውን አስጠራ።

«እዚህ ውስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ቆይቶ በራሱ ጊዜ ሊሄድ ይችላል?»

«ይችላል ጋሼ። ሰዓት ይሞላለታል። ግን እዚህ ቤት ይህን የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።» የተናገረውን ራሱ ሲሰማው ደነገጠ።

«በዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ማሽን ክፍል። ብቻዬን።»

መርማሪው አጠራጥሮት በኢሜይል ፕሮግራሙ ላይ «እርዳታ» የሚለውን ተጫነ። ባዶ ገጽ መጣ፤ መሐሉ ላይ «ሰነዱ አልተገኘም» ይላል።

«ድሮም አልተጫነም» አለ ጥገና ሠራተኛው። «ለዚህ እኮ ነው እሳቸው የራሳቸውን መመሪያ የጻፉት። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ሰው አንድ ነገር በጠየቃቸው ቁጥር አንድ ገጽ ይጨምራሉ። አረንጓዴ ማኅደር ነው፤ ማተሚያው አጠገብ ይንጠለጠላል።»

ሄደው አዩ። ሚስማሩ ባዶ ነው። ከሥሩ የግድግዳው ቀለም በማኅደሩ ልክ ሳይደበዝዝ ቀርቷል።

«ጠዋት ነበር» አለች አጠገቡ የምትቀመጠው ጸሐፊ። «እኔ እንኳ ገልጬው አላውቅም። ምን አለፋኝ? ጋሽ እርዳታ ብዬ ስጠራቸው ይመጡ የለ?» ያለችው ቆጭቷት አንገቷን ደፋች። በዘጠኝ ሰዓት ስልክ ጠባቂ ሆና ብቻዋን እንደቀረች፣ ከጥገና ሠራተኛው በቀር ሌላው ሁሉ ስብሰባ እንደነበር ነገረችው። ስብሰባውን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ በሰባት ተኩል ድንገት ነው የጠሩት። አጀንዳ አልነበረውም።

ሠራተኛው «እትዬ» የሚላት ኃላፊ መርማሪውን ቆማ ተቀበለችው።

«እኔና ኮምፒውተር ሆድና ጀርባ ነን» አለች። «ደብዳቤዬን የሚከፍትልኝም የሚልክልኝም እሱ ነበር። ምስኪን፣ ፀፀቱ ገደለው።»

«በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበሩ?»

«ከስምንት ጀምሮ። አሥራ ሁለት ምስክር አለኝ።»

«አረንጓዴው ማኅደርስ የት ገባ ይላሉ?»

«የቱ ማኅደር?»

መርማሪው አመስግኗት ወጣ። የሟቹን ልጅ አባቷ የቢሮ ሥራ ቤት ወስደው ይሠሩ እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ኮሚቴው ከመድረሱ በፊት፣ ኃላፊዋን፣ ጸሐፊዋን፣ ጥገና ሠራተኛውንና የሟቹን ልጅ፣ አራቱንም በስብሰባው አዳራሽ አስቀመጣቸው።

«ሰውየው ከሰባት ሰዓት በፊት ሞተዋል፤ ያልተበላው ምሳ ምስክር ነው» ብሎ ጀመረ። «ደብዳቤውን ሌላ ሰው ጽፎ ሰዓት ሞላለት። ለምን? በዘጠኝ ሰዓት ሌላ ቦታ ሊታይ ስለፈለገ። ጥገና ሠራተኛውም ጸሐፊዋም በዚያ ሰዓት ብቻቸውን ነበሩ። ይህን ያህል የተጠበበ ሰው ያለ ምስክር አይቀመጥም።»

«ስብሰባ ላይ የነበርነው አሥራ ሦስት ነን» አለች ኃላፊዋ።

«የጠራው ግን አንድ ሰው ነው። አሁን ወደ ማኅደሩ እንምጣ። ጥገና ሠራተኛው ቢሆን ኖሮ አይነካውም ነበር፤ ስልቱን ከዚያ አልተማረውም። ደግሞ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ድረ ገጽ ላይ ሁሉም እንዳለ ያውቃል። ማኅደሩን የደበቀው ሰው ግን ማኅደሩ ሲጠፋ እውቀቱም አብሮ የሚጠፋ መስሎታል። የሚያውቀው በር ያ ብቻ ነውና።»

ጸሐፊዋ ቀስ ብላ ወደ ኃላፊዋ ዞረች።

«እርስዎ ደግሞ ‹የቱ ማኅደር› አሉኝ» አለ መርማሪው። «ስምንት ዓመት በአጠገቡ ሲያልፉ የኖሩትን። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ ስለሚያውቁ ነው የካዱት። የቢሮ ሥራ ቤቱ ወስዶ የሚሠራ ሰው ይኖራል ብለው ግን አላሰቡም።»

የሟቹ ልጅ ከቤት ያመጣችውን የመመሪያውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ገጽ አርባ አንድ፦ «ኢሜይል ጽፎ በሌላ ሰዓት እንዲሄድ ማድረግ»። ሟቹ እንደልማዳቸው ከሥሩ ጠያቂውን ጽፈዋል፦ «የጠየቁኝ እትዬ ናቸው። ለልጃቸው በልደቱ ቀን ጠዋት እንዲደርስላቸው።»

ኃላፊዋ አላለቀሰችም። ገጹን ወደ ራሷ ስባ አነበበችው።

«ማስጠንቀቂያው የመጣው ለእኔ ነው» አለች በመጨረሻ። «ችላ አልኩት። ደብዳቤዬን ሲያስተካክልልኝ አገኘው። ለኮሚቴው እናገራለሁ አለኝ። ደረጃው ላይ ለመንኩት። ‹ይቅርታ እትዬ፣ በዚህስ ልረዳዎ አልችልም› አለኝ። ስምንት ዓመት እምቢ ብሎኝ አያውቅም። ገፋሁት።»

ያጎረሰን እጅ መንከስ ይሉታል ይህን ነው፤ መርማሪው ግን ተረት የሚተርትበት አንጀት አልነበረውም። የመሳቢያዋን ቁልፍ ተቀብሎ አረንጓዴውን ማኅደር አወጣ። ወረቀቱ ዛሬ የታተመ ይመስላል፤ አንዳንዱ ገጽ እርስ በርሱ እንደተጣበቀ ነው። አርባ አንደኛው ገጽ ብቻ ታጥፏል፤ መስመሮቹም በእርሳስ ተሰምሮባቸዋል። የመጨረሻው መስመር «ካልሆነልዎ አይጨነቁ፤ ይጥሩኝ፣ እመጣለሁ» ይላል።

«ከእሷ ሌላ ያነበበው ሰው የለም?» አለች ልጅቷ።

ጸሐፊዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ፖሊሶች ኃላፊዋን ይዘዋት ከወረዱ በኋላ መርማሪው ጸሐፊዋን ያን ማስጠንቀቂያ ለኮሚቴው እንድትልክ አዘዛት። ቢያንስ የሰውየው ስም ከጥፋተኛ መዝገብ ይወጣል። ጸሐፊዋ ሞከረች፤ ዓባሪው አልሄድ አላት። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጋሽ እር...» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

የሟቹ ልጅ በሩ ላይ ቆመች።

«ገጽ ሰባት ላይ ነበር» አለችና የአባቷን ቅጂ በብብቷ ይዛ ደረጃውን ወረደች።