የባዶው ጽዋ ዕድሜ

«እማዬ፣ የመስኮቱ አቧራ ለምንድነው የሚጣፍጠው?»

ሚጡ ይህን ስትጠይቅ እናቷ ለሥራ ልትወጣ ሻሿን እያሰረች ነበርና፣ «አቧራ አይላስም፤ ሂጂ ተጉመጥመጪ» ብላት ወጣች።

ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነበር፤ ከጦር ሜዳ የተረፈው ብረትና የአሮጌ መኪና ባትሪ በየከተማው ዳርቻ ተከምሮ ይቀልጣል፤ ሊቃውንትም በየላቦራቶሪው የምድርን ዕድሜ ለመለካት ይሽቀዳደማሉ። የሚጡ እናት በሁለቱ መካከል ትኖር ነበር፤ ቤቷ ባሏ ከሚሠራበት፣ የባትሪ እርሳስ ከሚቀልጥበት ማቅለጫ አጥር ሥር፣ ሥራዋ ደግሞ ኮረብታው ላይ ካለው የድንጋይ ላቦራቶሪ።

እዚያ ለቃሚዋ ይሏታል። ጥንታዊ ቋጥኝ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶና ታጥቦ በሚቀረው አሸዋ ላይ በአጉሊ መነጽር አጎንብሳ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ እጅግ የሚያንሱትን፣ ዚርኮን የሚባለውን ማዕድን ፍሬዎች በመርፌ ጫፍ እየለየች ታወጣለች። ዚርኮን ከቀለጠ ዐለት ሲወለድ ዩራኒየምን በጉያው ይይዛል፤ እርሳስን ግን አያስጠጋም፤ የያዘው ዩራኒየም በዘመናት ብዛት ቀስ እያለ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ስለዚህ በፍሬው ውስጥ የሚገኘው እርሳስ የዕድሜው ምስክር ነው። የላቦራቶሪው ሹም፣ በጦርነቱ መድፈኛ ስለ ነበሩ ሁሉም ሻለቃው የሚላቸው አዛውንት፣ በዚህ ምስክር አንድ ነገር ሊያውቁ ይሹ ነበር፤ አህጉራትን የተሸከመው የምድር ቅርፊት እንደ ወተት ስልባቦት በአንድ ጊዜ ረጋ ወይስ በየዘመኑ ቁራጭ በቁራጭ ተሰፋ?

በዚያ በጋ ግን ፍሬዎቹ መዋሸት ጀመሩ። ከአንድ ቋጥኝ ተለቅመው ለሁለት ከተከፈሉት አንዱ ወገን አያት፣ ሌላው የልጅ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎ የተለካው ቋጥኝ ከምድር ራሷ የሚበልጥ ዕድሜ አወጣ።

«ከእናቷ ቀድማ የተወለደች ልጅ ማለት ይቺ ናት!» አለች በላቦራቶሪው እርሳሱን የምትለካው ኬሚስት።

ሻለቃው ባዶ ጽዋ እንዲለካ አዘዙ፤ አንድም ፍሬ ሳይገባበት ማሟሚያው አሲድ ብቻ ተጨመረበት። የመለኪያው ጠቋሚ ከፍ አለ፤ ምንም በሌለበት ጽዋ ውስጥ እርሳስ ነበረ። የግድግዳው ቀለም ተፋቀ፤ የውኃው ቧንቧ ተለወጠ፤ መስኮቱ ታሸገ፤ ባዶው ጽዋ ዕድሜውን ይናገራል እንጂ ዝም አላለም።

ሚጡ ሆዷን አሟት እናትየው ከሥራ የቀረች ሰሞን ጽዋው ከእርሳስ ባዶ ሆነ። ስትመለስ ሞላ።

አጠገቧ የነበረው ወንበር ወደ ማዶ ተወሰደ፤ ስታልፍ ጽዋውን በእጁ የሚከልል ሰው አየች። ከእኔ የሚወጣው ምንድነው ብላ እጇን እያገላበጠች ትመለከታለች፤ እጇ ንጹሕ ነው። በሥጋቷ ንጽሕናን አበዛች፤ ነጩን የሥራ ጋዋኗን የላቦራቶሪው አጣቢ ከሚነካው ብላ ወደ ቤት ይዛ መሄድ ጀመረች፤ አፍልታ ታጥበዋለች፤ ነፋስ እንዲያገኘው ከአጥሩ አጠገብ ታሰጣዋለች። በጥርጣሬ በታየች ቁጥር ደጋግማ አጠበች፤ ደጋግማ ባጠበች ቁጥር የባዶው ጽዋ እርሳስ ጨመረ።

ቤት ውስጥ ሚጡ ሰም መስላለች። ምግብ ትገፋለች፤ ከግድግዳው ጋር ታወራለች፤ አፏን ስትከፍት በድዷ ጠርዝ ላይ በብዕር የተሰመረ የሚመስል ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር ይታያል። እናትየው በጨርቅ ፈተገችው፤ አልለቀቀም። ለማንም አልተናገረችም።

አንድ ቀን ኬሚስቷ ከጋዋኑ ጠርዝ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ በአሲድ ዘፈዘፈች። ጠቋሚው ከመለኪያው ጫፍ ደርሶ ተጣበቀ።

«እትዬ፣ ይሄን ጋዋን የት ነው የሚያጥቡት?»

«ቤት ነዋ፤ እኔው ራሴ። እዚህ የሚታጠበው መች ይጠራል ብዬ።»

«የትስ ያሰጡታል?»

«ከአጥሩ ጥግ፤ ጥሩ ነፋስ አለ።»

«ከአጥሩ ወዲያ ምን አለ?»

ማቅለጫው አለ። ጭስ ማውጫው አለ። ይህን ለማለት አፏን ከፍታ ሌላ ነገር ወጣት፤ «በዚያው ገመድ ላይ እኮ ድሮም ሻሼንና የልጄን አንሶላ አሰጣለሁ።»

ሻለቃው ከወንበራቸው ተነሡ።

«እመቤቴ፣ ልጅዎ ድዷ ላይ መስመር አላት?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደዚያ ይጽፋል። አቧራው ይጣፍጣል፤ ልጆች ይልሱታል። ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ያውጧት፤ የድንጋይ ማከማቻችን አጠገብ ያለውን ክፍል አስለቅቃለሁ።»

ስትሮጥ ወረደች። ባሏ በቀን ብርሃን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ ይታገል ነበር፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል።

«የሚጡ አባት፣ ተነሥ! አየሩ መርዝ ነው፤ ልጃችን እየሞተች ነው።»

«ማን አለ? እነዚያ ድንጋይ አስታማሚዎች?»

«ለኩት እኮ! ከልብሴ ላይ አወጡት።»

«እኔ ስንት ዘመን ስውጠው ኖሬ ይኸው በሬ አክዬ የለም እንዴ? ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ ከወጣን ተመልሶ አይሰጠንም። ልጅቷ ጥርስ እየቀየረች ነው፤ አንቺ ደግሞ ቶሎ ትደነግጫለሽ» አለና ሊያጽናናት ሳቀ።

ሲስቅ ድዱ ታየ። ያው መስመር፤ ከልጁ ይልቅ ወፍሮ፣ ከዳር እስከ ዳር።

እናትየው ወደ ኋላ አፈገፈገች። ከአጥሩ ወዲህ አንሶላው በነፋስ ይነፋፋል፤ ውስጡ ሰው የቆመ ይመስል ሆዱ ወጣ ገባ ይላል፤ ከላዩ የሚረግፈውን ግን ዓይን አያየውም። ቤቱን ተመለከተች፤ አልጋው ንጹሕ፣ ወለሉ ንጹሕ፣ ሳህኑ ንጹሕ፤ ሁሉም በእጇ የተወለወለ፤ ሁሉም ይገድላል።

«ና አብረን እንሂድ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በልጅህ ይዤሃለሁ።»

«ወዴት? የድንጋይ ዘበኛ ልሆን?» ፊቱን ወደ ማቅለጫው አዞረ። «ሲሻላት ትመልሻታለሽ።»

ከልብስም ከዕቃም አንዳች አላነሣችም፤ ሚጡን የሐኪም ቤት መጠቅለያ በሚመስል፣ ከላቦራቶሪው ባመጣችው ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አዘለቻት።

በኋላ ዘመን ታሪክ የሻለቃውን ግኝት አስታወሰ። ፍሬዎቹ መዋሸት ሲተዉ፣ ቢያንስ በዚያ አገር ቋጥኞች ዘንድ ቅርፊቱ በየዘመኑ ቁራጭ በቁራጭ እንደ ተሰፋ ተናገሩ፤ ይህም ተጽፎ ሊቃውንት ተከራከሩበት። የሥራ ልብስ ከላቦራቶሪ እንዳይወጣ የሚያዝዘው ደንብም በየበሩ ተለጠፈ፤ ደንቡ ከየት እንደ መጣ ግን የጻፈ የለም። የቋጥኙን ዘመን ለማወቅ ያን ያህል የተደከመበት እርሳስ፣ ከአጥሩ ሥር በሚኖሩት ሰዎች አጥንት ውስጥ ስንት እንደ ሆነ የለካ አልተገኘም፤ ማቅለጫውም ብዙ ዓመት ጨሰ።

ሚጡ ከድንጋዮቹ አጠገብ ባለው ክፍል ውስጥ ቀስ በቀስ አገገመች፤ ቀኝ እጇ ግን እንደ ቀድሞው አልጠነከረም። እናትና ልጅ ከአጥሩ ሥር ሄዱ፤ አባትየው እዚያው ቀረ።