መርዝ የሚልሰው አስጎብኚ

አስጎብኚው ሲወድቅ ጎብኚዎቹ አጨበጨቡ።

ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ነው። በባህል መንደሩ ሜዳ ላይ በየቀኑ አንድ ሽማግሌ አዳኝ የድሮውን ቀስት ይዞ ይወጣል። አስጎብኚው ደግሞ ፍላጻውን ተቀብሎ ጫፉ ላይ ካለው ጥቁር ቅባት በጣቱ ዝቆ «ይሄ ዝሆን የሚጥል መርዝ ነው» ይልና ምላሱ ላይ ያደርገዋል። ዓይኑን ይገለብጣል፣ ይንገዳገዳል፣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅለት እየሳቀ ይነሳል። መንደሩ በሙሉ የሚያውቀው ቅባቱ ማርና ጥላሸት መሆኑን ነው። በዚያን ቀን ግን ተንገዳገደ፣ ከነፍላጻው ወደቀ፣ ተጨበጨበለት፣ በዚያው ቀረ። ፎቶ ስታነሳው የነበረች አንዲት ጎብኚ «ኧረ ይበቃሃል፣ ተነሳ» ብላዋለች።

ከሰዓት በኋላ ከፖሊስ የተላከች መርማሪ መጣች። አጠር፣ ወፈር ያለች ሴት ናት፤ ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ መንገድ የጠፋባት ነው የምትመስለው። የመንደሩ ሊቀመንበር በር ላይ ጠብቃ ክንዷን ያዘቻት።

«እህቴ፣ ልቡ ነው። ድሮም ደካማ ነበር።»

«ሐኪም ነሽ?»

«ሊቀመንበር ነኝ።»

«እንግዲያው ልቡን ለሐኪም እንተወው።»

ሊቀመንበሯ ክንዷን አልለቀቀችም። «ስሚኝማ። ይሄ መንደር ማደን የተወው ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነው። ጫካውን የሚጠብቁት ልጆች የሚኖሩት በጎብኚ ነው። እዚህ መርዝ ተገኘ ከተባለ ይዘጉናል። ከተዘጋን ጠባቂ የለም፣ ጠባቂ ከሌለ ደግሞ ዓመት ሳይሞላ አንድ ዝሆን አይተርፍም። አሥራ አንድ ዓመት ለፍቼበታለሁ።»

መርማሪዋ ክንዷን አስለቀቀች። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ በስልኳ መብራት አፉን አየች። ከታች በስተኋላ ድዱ ላይ ትኩስ ጉድጓድ አለ፤ ጥርስ ተነቅሏል። ደም የነካው ጥጥ ጉንጩ ሥር ተወሽቋል።

ሽማግሌው አዳኝ ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የቅባቱ ማሰሮ ከፊቱ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሚያዘጋጁት?»

«ማሩን? አዎ።»

«ዝንቡ ግን ምን ሆኖ ነው? እኔ ላይ ሰፍሮ ማሩን ንቆታል።»

 ከቅባቱ በጣቷ ዝቃ ወደ አፏ ስታስጠጋ ሽማግሌው አንጓዋን ቀጨም አደረጋት። ለዕድሜው እጁ ብረት ነው።

«ተይ ልጄ። ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል።»

እጇን አወረደች። ጣቷንም በጨርቅ ጠረገች።

«ማር ከንፈር ያክማል ሲባል ነበር የምሰማው» አለች።

«ማር አይደለም። አባቴ ያስተማረኝን ሥራ በውሸት ማሳየት አቃተኝ። ምላስ ላይ ምንም አያደርግም፣ ይመራል እንጂ። የሚገድለው ደም ሲያገኝ ነው።»

«ሟቹስ ያውቅ ነበር?»

«መርዝ መሆኑን ያውቃል። ምላስ አይጎዳም ብዬዋለሁ። ስለ ቁስል አልነገርኩትም። አልጠየቀኝማ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ለሌላ ሰው ትንፍሽ አላልኩም።»

«ከማሰሮው ጎድሎብዎት ያውቃል?»

«በቅርቡ ሁለት ሦስቴ። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት።»

«አይጧ ክዳኑን መልሳ ትገጥማለች?»

«ክዳኑማ እንደተገጠመ...» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

የሟቹ ሚስት ቅርጫት ትሠራለች። ከቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ እየሠራች ነበር፤ እጇ ካቆመ እሷም የምትወድቅ ይመስል።

«ሦስት ቀን ሙሉ ጥርሴን እያለ ነፍሴን በላት» አለች። «ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ግን ጥርሱ በቦታው ነበር። ማን እንደነቀለለት እንጃ።»

«የተጣላው ሰው አለ?»

«እሱ? ከድንጋይ ጋር ይቀልዳል። ሰሞኑን ብቻ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ጫካ ውስጥ ሁለት ዝሆን ሞተው አየሁ አለኝ። የጥይት ምልክት የለም፣ ጥርሳቸውም አልተነካም። ቅዳሜ ለሊቀመንበሯ እነግራለሁ ብሎ ነበር።» አንድ ሰበዝ አስገባች። «ቅዳሜ ሊቀበር ነው።»

ከጫካው ጠባቂዎች አንዱ መውጫው ላይ ቆሞ ነበር፤ ዩኒፎርም የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው። ጫማው ጭቃ ነው፤ ጠመንጃውም አቧራ ለብሷል። ወገቡ ላይ ያለችው የወጥመድ ሽቦ መቁረጫ ፒንሳ ግን ታጥባ ታበራለች። የሁለት እጆቹ ጀርባ በእሾህ ተጫጭሯል።

«የወደቀውን ፍላጻ ያነሳኸው አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«እንዴት ማለት? ጎንበስ ብዬ።»

«ወገብህ ደህና ነው ማለት ነው» አለችና ትታው ሄደች።

አራቱንም፣ ሊቀመንበሯን፣ ሽማግሌውን፣ ሚስትየዋንና ጠባቂውን፣ በትርኢቱ ሜዳ፣ በጎብኚዎቹ አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከመጀመሯ በፊት ሊቀመንበሯን አየቻት። እውነቱን ለመናገር፣ ልቡ ነው ብላ ጽፋ ብትሄድ ማን ይጠይቃት ነበር? ሚስትየዋ ግን እጇን አቁማ እየተመለከተቻት ነበር።

«ቅባቱ እውነተኛ መርዝ ነው» ብላ ጀመረች። «አባባ ደብቀውት እንጂ ሁሌም መርዝ ነበር። ታዲያ ስንት ዓመት ልሶት ያልሞተ ሰው ዛሬ ለምን ሞተ? ዛሬ ድዱ ቁስል ነዋ። እዚህ ጥርስ ሐኪም የለም። ንጹሕ ፒንሳ ግን አንድ አለ፤ ባለቤቱ ሌላው ዕቃው ሁሉ ጭቃ ሆኖ እሷን ብቻ አጥቧታል።»

«ጥርስ መንቀል ወንጀል ነው?» አለ ጠባቂው።

«አይደለም። ማር ነው ብለህ ብታምን ኖሮ ምንም የለብህም።» ያቺ ጎብኚ ያነሳችውን ፎቶ በስልኳ አሳየችው። «ይሄ አንተ ነህ። ፍላጻውን በኮፍያህ ጠቅልለህ ነው የምታነሳው። ማር የሚፈራ ሰው አላውቅም። እጅህ ስለተጫጫረ ፈራህ፤ መርዙ ደም እንደሚፈልግ ታውቃለህ። የአዳኝ መንደር ልጅ ስለሆንክ ዝንብ የማይነካው ማር እንደሌለ ገብቶሃል፤ ከአባባ ማሰሮ እየወሰድክ ዝሆን ላይ ሞክረኸዋል፤ ድምፅ የለውም፣ የጥይት ምልክትም የለውም።»

ሽማግሌው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባ ብሎኝ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ዝሆን ገድሎ ጥርሱን የሚተው ሰው ምን ፈልጎ ነው? ቂም ይሆናል። ከእናንተ ውስጥ ዝሆን ሰው የገደለበት ማነው?»

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሊቀመንበሯ ብቻ ሳታስበው ጠባቂውን አየችው።

«ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር» አለ ጠባቂው። «ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነው። ሊቀመንበሯ እንዳይወራ አለችን፤ በማግስቱ ጎብኚ ነበረና። አስጎብኚው ደግሞ በየቀኑ እዚህ ቆሞ፣ ዝሆኖቻችን ሰው ነክተው አያውቁም ይላል። እኔ ዩኒፎርሜን ለብሼ አጠገቡ ነኝ።»

«ዝሆኖቹን እንዳየ ነግሮህ ነበር?»

«ነግሮኛል። እኔ መሆኔን ግን አላወቀም። ጠዋት ጥርሴን ንቀልልኝ አለኝ፣ ነቀልኩለት። ዛሬ እንዳትልስ የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።»

«ለምን ዋጥከው?»

«እሷ ስትሞት ሁላቸውም ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ጎብኚ እየጠበቀህ ነው፣ ሂድ አልኩት።»

ሚስትየዋ ተነስታ ሄደች። ማንንም አልሰደበችም፤ ቢሰድቧት እንኳ የምትሰማ አትመስልም ነበር።

«እህቴ» አለች ሊቀመንበሯ በተሰበረ ድምፅ፣ «እሱን ውሰጂው። መርዙን ግን ከወረቀቱ ላይ ተይው። ለእኔ ብለሽ አይደለም፣ ለእንስሳቱ።»

«ያለ መርዙ የሰውየው ሞት ምን ተብሎ ይጻፋል? ማሰሮውን እወስዳለሁ። አባባም አብረውኝ ይመጣሉ።»

ሽማግሌው ተነስቶ ነጠላ ጫማውን ፈለገ። መኪናው ጋ ሲደርሱ ጠባቂው ቆመና ከኪሱ የጫካውን በር ቁልፍ አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ ለሊቀመንበሯ ዘረጋላት። እሷም አየችው፤ እጇን ግን ከጎኗ አላነሳችም። ሌሎቹ ጠባቂዎች መንደሩ ሊዘጋ መሆኑን ሰምተው ዩኒፎርማቸውን አግዳሚው ላይ እያጣጠፉ ነበር፤ ወደ እነሱም ዞረ፤ ቀና ያለ የለም።

«ለማን ልስጠው?» አላት መርማሪዋን።

መርማሪዋ የመኪናውን በር ከፈተችለት። ቁልፉን እንደያዘ ገባ።