ማሽኑ እያተመ በሩ አይከፈትም

ገነቴ በሩን ስትከፍት ነፋሱ ቀድሟት ገባ።

ጥቅምት ነበር። ሆሳዕና ላይ የጥቅምት ነፋስ እንግዳ አያከብርም። እኔ ትልቁ የስቲከር ማተሚያ ፊት ቆሜ ነበር። ነፋሱ የስቲከሩን ጠርዝ ብድግ አደረገው፤ ቀለም የሚረጨው ሄድ ደግሞ ከወዲያ ጫፍ እየበረረ መጣ። ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሄዱ የተነሳውን ጠርዝ መትቶ ነበር።

«ይቅርታ፣ የፊደል ገበታ ታትማላችሁ? ለመዋዕለ ሕፃናት ነው፤ አስተማሪ ነኝ» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት። ነፋሱ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጠምጥሞባት እየሳቀች ታላቅቀዋለች። ሄዱን ረስቼ እሷን ማየት ቀጠልኩ።

«ምነው፣ አታትሙም እንዴ?»

«እናትማለን... ቲቸር።»

ከሰዓት በኋላ የሱቁ ባለቤት ጋሽ ተረፈ መጡ። የሙከራውን ህትመት ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩት። በቀዩ መሃል ቀጭን ነጭ መስመር አለ።

«ሄዱ ተመቷል። በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«አንተ? ዝንብ እንኳ ሳታስፈቅድ የማታስገባው አንተ?»

«ሞቆኝ ነበር።»

«በጥቅምት ብርድ?» ህትመቱን ጠቀለሉት። «ስማ ሆሴዕ፣ ይሄ ሄድ ሁለተኛ ቢመታ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠህ ትሄዳለህ።»

ሄዱን ሦስት ቀን ሙሉ አጠብኩት። መስመሩ ጠፋ። የበሩ መስታወት ላይ ደግሞ በትልልቁ ለጠፍኩ፦ «ማሽኑ እያተመ በሩ አይከፈትም።»

ከዚያ ወዲህ የሄዱ ዘበኛ ሆንኩ። የስቲከሩን ጥቅል ከመጋዘን አውጥቼ ማሽኑ አጠገብ አሳድረዋለሁ፤ ብርድ የያዘው ስቲከር ማሞቂያው ላይ ሲደርስ ይጨማደዳል። የተጠቀለለውን ጫፍ ቀጥ አድርጌ እቆርጣለሁ። ጠርዞቹን በመያዣ አስይዛለሁ፣ ሄዱን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ በሩን ዘግቼ፣ ጣቴን የማሽኑ ማቆሚያ ቁልፍ ላይ አድርጌ እቆማለሁ። እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔን አልነቅልም።

ገነቴ የፊደል ገበታዋን ልትወስድ ስትመጣ የቆረጥኳቸውን ጫፎች መሬት ላይ አየች።

«ይሄን ትጥሉታላችሁ?»

«እንጥለዋለን።»

«ለእኔ ስጠኝ። ልጆቼ አሳና ዶሮ ይቆርጡበታል።»

እንዲህ ሆኖ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ጀመረች። በሩ ላይ ያለውን አንብባ ውጭ ትጠብቃለች፤ ማሽኑ ሲያበቃ እከፍትላታለሁ። እኔ ብቻዬን የምኖር ሰው ነኝ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍሌ ውስጥ የሚሰማው የሰው ድምፅ የጎረቤት ራዲዮ ብቻ ነው። ከሐሙስ እስከ ሐሙስ ያለውን ጊዜ እሷ ባለችው ነገር እየተመላለስኩ እኖርበት ነበር።

«ማሽኑ ሚስትህ ነው እንዴ? ዓይንህን አትነቅልበትም» አለችኝ አንድ ቀን።

«በሄዱና በስቲከሩ መሃል ሁለት ሚሊ ናት ያለችው። ሄዱ ከራቀ ሥዕሉ ይደበዝዛል፣ ከተጠጋ ይመታል።»

«እና ሁልጊዜ እንዲህ ስትፈራ ትውላለህ?»

«እጠነቀቃለሁ።»

«እሺ... ትጠነቀቃለህ» አለችና ጫፎቹን አቅፋ ወጣች።

እየወደድኳት እንደሆነ ከእኔ በፊት ያወቁት ጋሽ ተረፈ ናቸው።

«ሆሴዕ፣ ይሄ የምትቆርጠው ጫፍ ለምንድን ነው እየረዘመ የሚሄደው?»

«የተጠቀለለው ብዙ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።»

«ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚጠቀለለው?»

ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በልቤ የማጠናው አንድ ቃል ነበረኝ። በሚመጣው ሐሙስ እነግራታለሁ እያልኩ ሰኔ ደረሰ። ስልኳን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

በሰኔ አንድ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ በሩ ተንኳኳ። የሚኒባስ ጎን የሚለጠፍ ረጅም ስቲከር እያተምኩ ነበር። በዓይኔ ጫፍ አየኋት፤ ገነቴ ናት። ቀኗ አይደለም። ልቤ ዘለለ። ጣቴ ግን ማቆሚያው ላይ እንዳለ፣ ዓይኔም ስቲከሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ዐሥር ደቂቃ ነው የቀረው፣ ትጠብቃለች አልኩ። ሁልጊዜ ትጠብቅ የለ?

ሁለተኛ አንኳኳች። ሦስተኛ አላንኳኳችም።

ሄዱ አልተመታም። ህትመቱ እንከን አልነበረውም። በሩን ስከፍት ከጣሪያው ሥር፣ በረጠበው ሲሚንቶ ላይ፣ እግሮቿ የነበሩበት ሁለት ደረቅ ቦታ ብቻ አገኘሁ። እያየሁት ፍንጣሪው ሸፈነው።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፤ ትምህርት ቤትም ተዘጋ። ቤተሰቦቿ ጊምቢቹ ከተማ እንደሚኖሩ ነግራኛለች። አንድ እሁድ የጊምቢቹ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ። ሰው ሳይሞላ ወረድኩ።

ኅዳር ላይ ከሀደሮ ከተማ ትእዛዝ መጣ፤ ለመዋዕለ ሕፃናት የሚሆን የግድግዳ ስቲከር። ጋሽ ተረፈ ሄደህ ለጥፍ አሉኝ። የክፍሉን በር የከፈተችልኝ ገነቴ ናት። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ።

«ሆሴዕ» አለች። የስቲከሩን ጥቅል ከእጄ ተቀበለች።

እሷ አንዱን ጫፍ ይዛልኝ፣ እኔ አየሩን በጨርቅ እየገፋሁ አስወጣሁ። ከመስኮቱ በላይ አሳዎችና ዶሮዎች ተለጥፈዋል። ጫፎቼን አወቅኋቸው።

«ያን ማክሰኞ መጥቼ ነበር» አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

«አይቼሻለሁ።»

«አይተኸኛል?» እጇ ስቲከሩ ላይ ቆመ። «እኔ እኮ አላየኝም ብዬ ራሴን ሳጽናና ነው የኖርኩት።»

«እያተምኩ ነበር። በሩ ቢከፈት ነፋሱ...»

«በማግስቱ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። አባቴ ‹ልብሽ ያለበት ሌላ ሰው ካለ ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ ነገ ሰው አላሳፍርም› አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? አንድ ቀን ምንም ብለኸኝ አታውቅም። አንድ ቃል ልስማ ብዬ ነው በዝናብ የመጣሁት።»

ጨርቁ እጄ ውስጥ ተጨማደደ።

«እወድሽ ነበር፣ ገነቴ።»

«አሁን ገባኝ» አለች በቀስታ። «ያኔ ግን አልፈለገኝም ብዬ ሄድኩ። ነሐሴ ላይ ተጋብተን ወደዚህ መጣሁ። ደግ ሰው ነው። ይወደኛል... ይናገረዋልም።»

ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ። ድምፃቸው ሲርቅ ዞራ አየችኝ።

«ሆሴዕ፣ ያ ማሽን ማቆሚያ የለውም?»

«አለው።»

«ሲቆም ይበላሻል?»

«አይበላሽም። የቆመበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር ይቀራል እንጂ።»

«ቀጭን መስመር» አለች።

ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። እኔም ዕቃዬን ሰበሰብኩ። በጥቅምቱ ነፋስ ሄዱን ያስመታችው እሷ እንደነበረች አልነገርኳትም። እስከ በር ሸኘችኝ። «ደህና ሁን፣ ወንድሜ» አለች። ወንድሜ ብላኝ አታውቅም ነበር።

በሚኒባሱ ስመለስ አንድ ነገር አሰብኩ። ሄዱን ከስቲከር፣ ከብርድና ከነፋስ ስጠብቀው ከርሜያለሁ። ማቆሚያው ግን ጣቴ ሥር ነበር። ያን ቀን የጠበቅሁት ሄዱን ብቻ አልነበረም፤ ቃሉን ላለማውጣትም በሩን ጥሩ ምክንያት አድርጌው ነበር።

በማግስቱ የበሩን ጽሑፍ ላጥኩትና ሌላ ለጠፍኩ፦ «አንኳኩ፤ እናቆማለን።»

አሁን ሰው ባንኳኳ ቁጥር ማሽኑን አቁሜ፣ ሄዱን ወደ ማረፊያው መልሼ እከፍታለሁ። ደንበኞቹ መስመሯን አያዩዋትም። ጋሽ ተረፈ ግን አያመልጣቸውም።

«ይሄ መስመር ምንድን ነው?»

«ሰው አንኳክቶ ነው፣ ጋሼ።»

ሐሙስ ሲሆን ግን ማንም ሳያንኳኳ አንዴ አቆምና በሩን አያለሁ።